ፀሐይ ላይ የተሰጣው ኪቦርድ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመሃል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ከመቃብር ድምፅ ተሰማ፣ ጅብ ሰው ሆኖ ታየ ሲሉኝ «መብራት ስለሌለ ነው እንጂ ቢኖርማ ምንም አታዩም» እያልኩ የማሾፍ፣ ይሄንንም የማወራህ እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

ከሚሊኒየሙ ወዲህ ነው፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ ላሊበላ ከገበያው ዝቅ ብሎ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራባት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ እናቴ «ዓይን ነው» አለችና የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች፣ እሳቸውም እግዜር ይስጣቸው፣ ክፍሏን ሲረጩ ጠበሉን ሳይሰስቱ ኪቦርዱ ላይ አወረዱት፣ በማግስቱ አንዲት ፊደል አልጽፍም አለ። በጠበል ተበላሸብኝ ብዬ ማን ላይ ልጩህ? ገመዱን ነቅዬ፣ እንደ ብቅል መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

እማማ ዘርፌ የመጡት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የገነተ ማርያም ሰው ናቸው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ በእጃቸው የሠርግ ሲዲ ይዘዋል። ልጃቸው የሺ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው፣ በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም፣ የቀረላቸው ምስል የጎረቤት ሠርግ ላይ ከሰው መሃል ቆማ ስትስቅ የተቀረጸችው ብቻ ነው።

«ነገ ሙት ዓመቷ ነው ልጄ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። የአገሬ መኪና ሳይሄድብኝ ፊቷን አውጣልኝ» አሉኝ።

ይሄ እኮ ኪቦርድ ላለው ሰው ሥራም አይባል፣ ቪዲዮውን አቁመህ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ የምትቀዳውን፣ ፕሪንት ስክሪን የምትባለውን ቁልፍ መጫን ነው፣ አለቀ። እኔ ማውስ ይዤ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ፈልጌ አወጣሁና ቁልፏን በማውስ ነካኋት፣ የተቀዳውን ፔይንት በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ስለጥፈው ያ የሥዕል ኪቦርድ ቁልጭ ብሎ መጣ፣ ቪዲዮው የነበረበት ቦታ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዘግቼ ከፈትኩ፣ ጥቁር። ቪዲዮውን አሳነስኩት፣ አሁንም ጥቁር። እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቀኝ፣ ደግሞ ልጅቷ በታየች ቁጥር አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ ነበርና ሰው ፊት ታፍር ነበር አሉኝ እናቷ፣ እና ቢወጣስ የሚወጣው ግማሽ ፊት ነው።

እማማ ዘርፌ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆዩና፣ «መስኮቱን ዝጋው ልጄ፣ ትከሻዬን በረደኝ» አሉ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ፀሐይዋም ያረፈችው እሳቸው ላይ ነው። ተናድጄ ስለነበር ወደ ማውሴ ዞርኩ።

ያኔ ነው ጧ ሲል የሰማሁት። የቁልፍ ድምፅ ነው፣ ቀን ሙሉ ስሰማው የምውለውን ድምፅ አልስተውም፣ የመጣው ደግሞ ከመስኮቱ በኩል ነው። ዞር ስል ኪቦርዱ እንደተሰጣ ነው፣ ገመዱ ተንጠልጥሏል። አይጥ ይሆናል አልኩ። ደግሞ ጧ። በቁጣ «እማማ፣ እሱን አይንኩት» ብላቸው «ምኑን ልጄ?» አሉኝ፣ ሁለቱም እጆቻቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበሩ።

በእልህ አንዴ ለጠፍኩት፣ እመነኝ፣ ቁልፏን ዳግመኛ አልነካኋትም ነበር፣ መውጣት የነበረበት ያው ጥቁሩ ነው፣ የሺ ወጣች። ጥርት ብላ፣ እጇን ከአፏ አውርዳ፣ የተሸረፈው ጥርሷ እየታየ ትስቃለች። እማማ ዘርፌ ተነስተው ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እንዲህ የምትስቀው እኮ ቤት፣ ከኔ ጋር ስንሆን ብቻ ነው» አሉና አለቀሱ።

መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ስለነበር ፊቷን ብቻ ቆርጬ አተምኩላቸው፣ ጉያቸው ውስጥ ከተው መርቀውኝ ሄዱ።

እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ሲዲውን ኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጬው ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ አየሁት፣ እጇን ያወረደችበት ቦታ የለም። ብልሽት ነው እንዳልል ብልሽት ጥርስ ይሠራል እንዴ? ከዚያ ያልተቆረጠውን ምስል ከፈትኩና ከአፏ የወረደው እጅ የት እንዳረፈ አየሁ፣ ከፊቷ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ፊቱ አይታይም፣ ትከሻና ነጠላ ብቻ፣ ነጠላው ግን ተዘቅዝቋል። ሠርግ ቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚሄድ ማን አለ?

አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ፣ ያንን ምስል አላጠፋሁትም፣ ለማንም አላሳየሁም። እማማ ዘርፌ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ብቅ ይላሉ፣ ዛሬስ ልንገራቸው እላለሁ፣ ከምኑ እንደምጀምር ይጠፋኛል። ከሐዘን ከወጡ ቆይተዋል፣ ነጠላቸውንም አስተካክለው ነው የሚለብሱት። በቀደም ጤናቸውን ስጠይቃቸው ደህና ነኝ አሉኝ።

«ይቺ ትከሻዬ ብቻ ናት ልጄ» አሉ፣ «ካንተ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ፀሐይ ላይ ብቀመጥም አትሞቅልኝም።»