ለመስታወት የፈሰሰው ጠበል

ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ሆኗል። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን ሹፌሩ ይርጋ ራሱ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ እያቃተው ነግሮኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሞተችው ልጅ የእኔ ልጅ ናት፤ በእሷ ደግሞ አልዋሽም።

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው ውስጥ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ውርጩ ሌላ ነበር። ሣሩ ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ይርጋ ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር በሚኒባስ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ሰው ይወደዋል። ተጫዋች ነው። ከዚያ ቀን በፊት፣ ማለቴ ነው።

በዋዜማው ወደ ካሚል መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ ነበር።

«ካሚል፣ መስታወት ማጠቢያ አለህ?»

«ሁለት ዓይነት አለ። ይኼኛው ለባሕር ዳር ነው። ይኼኛው ለአንተ አገር።»

«ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው እኮ!»

«ቀለሙን ተወው፣ ጀርባውን አንብብ። ስንት ብርድ እንደሚችል ተጽፎበታል። ያኛውን ጉና ላይ ብትረጨው መስታወትህ ላይ ይጋገራል። ውሃማ ጭራሽ አታስበው።»

«አረቄ ባደርግበትስ?»

«ትራፊኩ አንተን ትቶ መኪናህን ያስተነፍሳታላ።»

ተሳሳቁ። ይርጋ የብርዱን ጠርሙስ አንስቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ጉና ሥር ነው የተወለድኩት። እኔን ብርድ ታስተምረኛለህ? ነገ እወስደዋለሁ።»

በማግሥቱ መስታወቱ ኖራ የተቀባ መስሎ ጠበቀው። የማጠቢያው ውሃ መያዣ ባዶ ነው። የካሚል ሱቅ ገና አልተከፈተም።

ያን ጊዜ እናቴ መጣች።

እማማ የኔነሽ ይሏታል። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጀሪካን አዝላለች። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ጠበል ነው። ልጄ አዲስዓለም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝታ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት፣ «የአያቴን ጠበል አምጡልኝ» እያለች ነበር። እናቴ በጨለማ ተነሥታ ወርዳ ቀድታው ነው የመጣችው።

ያንን ጠበል በእኛ አገር የማያውቀው የለም። ዙሪያው ሣር በውርጭ ሲቃጠል እንኳ ምንጩ በረዶ ሆኖ ረግቶ አያውቅም። ማለዳ ማለዳ እንፋሎት ይወጣዋል።

«ልጄ፣ ይችን አደራ» አለችው ጀሪካኑን እያወረደች። «ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ ልምጣ።»

«ይሂዱ እማማ። እኔ አለሁ።»

ሄደች።

ይርጋ ጀሪካኑን አየ። መስታወቱን አየ።

ይኼ ውሃ አይረጋም... አለ በልቡ። እንኳን በመስታወት ላይ፣ በውርጭ መሐል አይረጋም።

የሞተሩን ክዳን ከፈተ። የማጠቢያው መያዣ ቀዳዳ ላይ ጠበሉን አንቆረቆረው። ትንሽ ብቻ ሊያደርግ ነበር። እጁ አላቆም አለው።

ጀሪካኑ ቀሎ ሲያገኘው ደነገጠ። ሻይ ቤቱ በር ላይ በርሜል አለ። በረዶውን በክርኑ ሰበረና ከዚያ ሞላው። ክዳኑን ጠረገ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ በገመድ አሰረው።

እናቴ ስትመለስ ፈገግ ብሎ በር ከፈተላት። ጋቢና፣ ከጎኑ አስቀመጣት።

እንደ ወጡ ረጨው። ውርጩ ወዲያው ቀለጠ። መስታወቱ ጠራ፤ እንደ አዲስ።

«አላልኩም!» አለ ብቻውን።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ምንም፣ እማማ።»

ጉና ትከሻ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ጭቃ ረጨባቸው። ይርጋ መርጫውን ሊነካ እጁን ዘረጋ...

ሳይነካው ረጨ።

መጥረጊያው አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ከኋላው መስታወቱ ነጭ ሆነ። ሌላ ጊዜ ሄደ። ይበልጥ ነጣ። ውሃው መስታወቱን በነካበት ቅጽበት ይረጋል።

ፍጥነቱን ቀነሰ። ምንም አይታየውም።

አንድ ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው። በእናቴ በኩል፣ ከታች። ክብ ነገር፣ የሕፃን መዳፍ የምታክል። ልጅ አፏን አስጠግታ ተንፍሳ በእጇ የጠረገችው ይመስላል።

እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። እንደተኛች በቀስታ ተናገረች።

«ተይ... ጣትሽ ይበርድሻል።»

ይርጋ ዞሮ አያት።

«ማንን ነው እማማ?»

ነቃች። «እ? እኔ ምን አልኩ?»

መልስ ሳይሰጣት ከኋላ ወንበር ተሻገር የሚባል የእህል ነጋዴ ጮኸ።

«ኧረ እባካችሁ ያችን ልጅ አስቀምጧት! እዚያ ፊት ቆማ ትወድቃለች!»

«የምን ልጅ?» አለ ይርጋ።

«ያችን ነዋ፣ ከአሮጊቷ ጉልበት ሥር...»

ተሻገር አንገቱን አስግጎ አየ።

«ወረደች እንዴ?»

መኪናው እየሄደ ነው። የወረደ ሰው የለም።

ይርጋ ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ በረዶውን በካርድ መፋቅ ጀመረ። እጁ ደነዘዘ። ያችን ክብ ቦታ ሲነካት ግን ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

ትሞቃለች። ትኩሳት እንዳለበት ግንባር።

ተመልሶ ገባ። አሁን ልንገራት ብሎ ቆረጠ። አልረፈደም፤ መንገዱ አላለቀም።

«እማማ...»

«ወይ፣ ልጄ።»

«ጠበሉ...»

እናቴ ክው አለች። «ምነው? ፈሰሰ እንዴ?»

ዓይኗን አየው። ያንን ዓይን እኔም አውቀዋለሁ።

«አይ» አለ። «አልፈሰሰም። በደንብ ታስሯል።»

«ተመስገን!»

ደብረ ታቦር እስኪደርሱ ይርጋ መርጫውን አልነካም።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ጀሪካኑን እስከ በሩ ተሸክሞ ያመጣልኝ እሱ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አልኩት። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ስትጠይቀኝ ነው ያደረች።»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዞሮ ሄደ።

ለአዲሴ በኩባያ ቀዳሁላት። ፉት አለች። ከዚያ ኩባያውን በቀስታ ገፋችው።

«እማዬ... ይኼ አይደለም።»

«ጠበልሽ ነው የኔ ዓለም። አያትሽ ናት ያመጣችው።»

«አይደለም። የኔ መኪናው ላይ ቀርቷል።»

ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፋት አልኩ።

«ሄጄ አየሁት እኮ» አለችኝ። «መስታወቱ ይበርዳል።»

ከቀትር በፊት አረፈች።

ይርጋ መርዶውን በሰማ ዕለት ካሚል ሱቅ ሄደ።

«የብርዱን ስጠኝ።»

«አሁን መጣህ? ምን ሆነህ ነው፣ ታመሃል እንዴ?»

«ስጠኝ ብቻ።»

በመያዣው ውስጥ የቀረውን ደፍቶ በሰማያዊው ሞላው። ካሚል አልዋሸም፤ በማግሥቱ ማለዳ ሲረጨው አልረጋም። መስታወቱ በሙሉ ጠራ።

አንድ ቦታ ብቻ በረዶ ቀረ። በጋቢና በኩል፣ ከታች። ያችው ክብ።

ፋቃት። ተመልሳ መጣች። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆማት። ሌላው መስታወት እጅ ያቃጥላል፤ እሷ አልቀለጠችም። ጋቢና ሰው ማስቀመጥ ተወ። ተሳፋሪ ሲጠይቀው «ተይዟል» ይላል።

የአዲሴ አርባ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደተቀመጠ፣ ሚኒባሷ ከግቢያችን በር ቆመች።

ይርጋ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ገባ።

ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ምን ሊል እንደመጣ በእኛ አገር የሚጠይቅ የለም። እናቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። ሱቁን፣ ጠበሉን፣ በርሜሉን። «ታስሯል» ብሎ የዋሻትን።

እኔ ጮኼ ልነሣበት ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አለችው።

ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። የባሰው ይኼ ነው።

«ተመልሰን እንቀዳ ነበር እኮ፣ ልጄ። ሩቅ አልነበርንም።»

ይርጋ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ድንጋዩ ከማጅራቱ አልወረደም። «አውርድ» ማለት የእሷ ነበር። አላለችም።

«መኪናዋ የታለች?» አለች በቀስታ።

«ደጅ ናት።»

ተነሣች። ተከተልኳት። እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል።

የጋቢናውን በር ከፈተች። አልገባችም። ወንበሩን ቆማ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለሐዘን የለበሰችውን ጋቢ ከትከሻዋ አወለቀች።

«ነይ እስቲ... በርዶሽ ነው እኮ» አለች።

ጋቢውን ባዶው ወንበር ላይ፣ ሰው እንደምታለብስ አድርጋ፣ ዙሪያውን ጠቅልላ ለቀቀችው።

አልወደቀም።

በልጅ ቁመት ተቀምጦ ቀረ።

እኔም አየሁት... እንደ ትንፋሽ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።