ዙሀይር ከሞተ በኋላ ያወጣው ዘፈን

ውሸት ነው የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ። በፈረንጆቹ 2006፣ ጃንዋሪ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሚኒሶታ፣ ኢገን ከተማ፣ አፓርትመንታችን ውስጥ።

ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች። ጨለማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር...

ያኔ ኢሞ የሚሉት ሙዚቃ የልጆቹን ልብ የሰረቀበት ጊዜ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ጠባብ ሱሪ፣ አንድ ዓይን የሚሸፍን ፀጉር። የጓደኛዬ የራሕመት አንድ ልጅ ዙሀይር ከፈረንጅ ልጆች ጋር ባንድ አቋቁሞ በሰው ጋራዥ ይዘፍን ነበር። ስድሳ ሰባ ልጅ እየመጣ አብሮት ያለቅሳል።

ልጄ ሀይፋም አንዷ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

እኔ ሁሌም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ልጄን ሊያጠፋብኝ ነው ብዬ ለአባቱ ለባህሩዲን ደወልኩ።

«ልጅህ ሰይጣን ያመልካል። ሻማ አብርተው ሲሰግዱ በዓይኔ አየሁ። ብቻ ለራሕመት ቱባ ነገረችኝ እንዳትላት።»

አላየሁም።

የጋራዡን ደጅ እንኳ ረግጬ አላውቅም።

ባህሩዲን «ለሁለት ሳምንት ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ደሴ ወሰደው። ፓስፖርቱን ነጥቆት ብቻውን ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ልጁ አሜሪካ ኤምባሲ እሄዳለሁ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሲጠፋ... የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ለቅሶው ላይ ራሕመት ደረቷን እየመታች «ያን ስልክ የደወለ ምላሱ ይቆረጥ!» አለች።

«አሚን» አልኩ። ምን ልበል?

ያን ቅዳሜ የባንዱ ወዳጆች ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበው ሊዘፍኑለት ነበር። ሀይፋን ከለከልኳት። ኮምፒውተሩ ላይ ዙሀይር ዘፈኖቹን የሚለቅበትን የኢንተርኔት ገጽ ከፍታ ተቀመጠች።

«አዲስ ዘፈን አወጣ» አለች በእንግሊዝኛ።

«ማን?»

«ዙሀይር። አሁን።»

ዘፈኑ ጀመረ... ጊታር የለውም። ድምፁ ብቻ።

በአማርኛ!

ሚኒሶታ ተወልዶ «ደህና ነኝ» ለማለት የሚንተባተብ ልጅ፣ የወሎ ሽማግሌ አንደበት አውጥቷል።

«አየሁ አለች በዓይኗ ደጁን ሳትረግጠው፣
የእናቴን አንድ ልጅ ለመንገድ ሰጠችው...»

ከስሩ አስተያየት ይወርዳል። የሚጽፉት የፈረንጅ ልጆች ናቸው። ሁሉም ግን በአማርኛ ፊደል፣ አንድ ቃል ብቻ።

እናውቃታለን።
እናውቃታለን።
እናውቃታለን።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ።

ዘፈኑ ግን አልቆመም...

ከሀይፋ አፍ ነበር የሚወጣው።

«ዙሀይር... ልጄ... ማረኝ» አልኩ ተንበርክኬ። «እሷ ምን በደለች?»

«እኔስ?» አለኝ በልጄ አፍ። «ለእናቴ ንገሪያት።»

ስልኩን አንስቼ ደወልኩላት።

«ራሕመት... ለባህሩዲን የደወልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ታች ነኝ» አለች።

«ምን?»

«በርሽ ላይ፣ መኪና ውስጥ። ዙሀይር ቅድም ደውሎ ነግሮኛል። ነይና ውሰጂኝ ብሎኛል።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሀይፋ ተነስታ ጃኬቷን ለበሰች። እጅጌዋን ያዝኳት። ሳትቆጣ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ደረጃውን ወረደች። ጫማ ሳላደርግ ተከተልኳት።

ራሕመት ጎንበስ ብላ የመኪናውን በር ከፈተችላት።

«እማ፣ በረደኝ። ሂተሩን ጨምሪው» አለቻት ልጄ።

ራሕመት ቀና ብላ አየችኝ። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ያልበላ ሰው፣ አሁን ገና የጠገበ ይመስል ነበር።

«ራሕመት፣ ልጄን!»

«ልጄን ነው የወሰድኩት» አለች ቀስ ብላ።

መስኮቱን እየደበደብኩ «ሀይፋ! ሀይፋዬ!» እያልኩ ጮህኩ።

መስታወቱ ወረደ። ልጄ ፈገግ አለች፤ ለጎረቤት ሴትዮ ፈገግ እንደሚባለው፣ በትሕትና...

«እትዬ ቱባ፣ በዚህ ብርድ በባዶ እግርዎ ቆመዋል እኮ። ይግቡ እንጂ።»