የአበልጁ ቁልፍ

ሳሙናው በፌስታል ተጠቅልሏል። የመጋዘኑ ቁልፍ ቅርጽ ታትሞበታል።

ደሳለው መካነ ሰላም ገበያ መሐል ሽንኩርት የሚመርጥ መስሎ አጎነበሰ። በማዳበሪያ መጋዘኑ ጫኝ ነው። የማዳበሪያ ስርቆት ሊከታተል የተላከ ሰላይ መሆኑን የሚያውቀው አጠገቡ የቆመው አለቃው ብቻ ነው። የአለቃው የምስጢር ስም ቆቅ ነው።

«ማን ሰጠህ?»

«ሞላ። መጋዘን ጠባቂው።»

«እንዲሁ?»

«ጋቢዬን ውስጥ ረሳሁ አልኩት። አበልጄ ነው፤ ልጁን ክርስትና አንስቼለታለሁ። ቁልፍ ሲለምኑት አበልጅ አይከለክልም።»

ቆቅ ሳሙናውን ተቀብሎ ሳቀ። «ጎበዝ። ወዳጅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

ደሳለው ጥርሱን ነከሰ። የተማረ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው። «ከባልደረባ ጋር አትዋደድ» ብሎ ያሠለጠነውም ይኸው ቆቅ ነው። ኋላ ደግሞ «ተወዳጃቸው» አለው። ምሳውን እያካፈለህ አብሮህ የሚውልን ሰው ግማሹን ወደህ ግማሹን እንዴት ትሰልላለህ? እሱን አላስተማሩም።

«የሞላ ስም እንዳይነሳ» አለ።

«ቃሌ ነው። ሌባው የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። እሁድ፣ ሰው ቅዳሴ ሲገባ ይጭናል። ያኔ በዚህ ቁልፍ ገብተን እንይዘዋለን።»

እሁድ ደሳለው ከመጋዘኑ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር አድፍጦ ጠበቀ። አይሱዙ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረደ።

በሩን የከፈተው ግን ሌላ ሰው ነው።

ቆቅ።

በዚያው በሳሙናው ባስቀረጸው ቁልፍ። ሁለቱ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ቁልፍ ያለው ሞላ ብቻ ነውና ነገ የሚታሰረው ሞላ ነው።

ዝም ቢል ሞላ ተበላ። ቢናገር ራሱ ይጋለጣል።

ሮጠ።

ሞላን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎትቶ አወጣው።

«አበልጅ፣ ማዳበሪያው እየተጫነ ነው። ሰው ጥራ።»

«በሩን ማን ከፈተው?»

«ቁልፍህን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ። እዚህ የመጣሁት ልሰልል ነው።»

ሞላ አየው። ከዚያ ጮኸ። ማዳበሪያ አጥቶ መሬቱ ጦም ያደረበት ገበሬ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወረደ። መኪናውን ወደ ከላላ በሚወስደው መውጫ ከበቡት። ፖሊስ ሥራ አስኪያጁንም ቆቅንም ወሰደ።

በማግስቱ ደሳለው ከተማውን ለቅቆ ሊሄድ መናኸሪያ ሲደርስ ሞላ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ደሳለው ስምህ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ልጄ ሲያድግ የክርስትና አባትህ ማን ነው ቢሉት፣ ማን ይበል?»

ደሳለው እውነተኛ ስሙን መናገር አይፈቀድለትም። ሞላ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

የደሴው አውቶቡስ ሞልቷል።

«ሰውዬ፣ ጠጋ በል» አለው ረዳቱ።

ጠጋ አለ።