የገመዱ መታጠፊያ

«በጥሺው አልኩሽ እኮ! የዘቡን ሽቦ በጥሺና ጎትቺ! ከዚህ በኋላ ምኑን ነው የምትጠብቂው?»

«አንተ፣ እጅህን ከመቆጣጠሪያው ላይ አንሳ።»

«ሚስቴ ናት እዚያ ውስጥ ያለችው!»

«ማን እንደሆነች አውቃለሁ። አንሳ ብያለሁ!»

የጎታች መኪናዋ ሾፌር ሞሚና የባልየውን፣ የላቀውን፣ እጅ በክርኗ ገፍታ ከዊንቹ አራቀችው። ዊንቹ በጎታች መኪናዋ ግንባር ላይ የተገጠመ፣ ጠንካራ ገመድ እየጠቀለለ የተቀረቀረ መኪና የሚስብ ከበሮ ነው። አሁን ቆሟል። ከበሮው ውስጥ የሚኖረው ዘብም፣ ማለትም ሰው እንዳይጎዳ እያየና እየሰማ ጉተታውን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው አእምሮ፣ ያንኑ ቃል በዚያው በተረጋጋ ድምፁ ደገመው።

«በገመዱ ክልል ውስጥ ሰው አለ። አልጎትትም።»

«ማን አለ? ንገረኛ ማን አለ!» ላቀው ወደ ከበሮው ጎንበስ ብሎ ጮኸ። አየር የሚያቀዘቅዝለትን አንገትጌ በንዴት ፈትቶ ጥሎት ስለነበር ፊቱ በርበሬ መስሏል። በጨው ሜዳው ላይ ያለ አንገትጌ ረጅም ጊዜ መቆም የሚችል ሰው ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል።

«ላቄ» አለች በሬዲዮው ሚስቱ ትብለጥ። ድምፅዋ ደክሟል። «ጩኸትህን ቀንስ፤ እዚህ ድረስ ያደነቁራል። ውሃው ጉልበቴን አልፏል።»

ባልና ሚስቱ የውሃ ቦቴ ሾፌሮች ናቸው። እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ለማዕድን ሰፈሩ ውሃ ይዘው ሲሄዱ፣ ከፊት የመጣ መኪና ለማሳለፍ ጠርዝ ያዘች። የጨው ቅርፊቱ ከጎማዋ ሥር ተሰበረና ቦቴው በአፍንጫው ተዘቀዘቀ። በሩን የጨው ንጣፍ ዘግቶባታል። መስታወቱ ከመሬት የሚወጣውን መርዛም ጋዝ እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ በመሆኑ በመዶሻ እንኳ አይሰበርም። ቆዳ የሚልጠው ትኩስ ውሃ ደግሞ በፔዳሎቹ ሥር ቀስ እያለ ይገባል።

የጎታች ቡድኑ አለቃ ጋሽ ድንበሩ ገና እንደደረሱ ነበር ነገሩን የተረዱት። ቦቴው ቀጥታ ወደ መንገዱ ቢሳብ የሚያልፈው በተከፈተው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ጨርሶ ይሰምጣል። መዳኛው በጎን ወዳለው ጠንካራ የጨው ወለል መሳብ ብቻ ነው። ለዚህም ገመዱ ከመኪናዋ ተነስቶ ሜዳው መካከል በሚተከል መዘውር ላይ መታጠፍ፣ ከዚያ ወደ ቦቴው መሄድ አለበት። በሜዳው ላይ ግን ዛፍ የለም፤ ዓለት የለም። ጋሽ ድንበሩ መለዋወጫ ጎማ አስቀብረው መዘውሩን አሰሩበት። ገመዱ ገና ወጠር ከማለቱ ጎማው ጨዉን ፈልቅቆ እንደበሰበሰ ጥርስ ተነቀለ።

ያን ጊዜ አቻምየለህን ላኩት።

አቻምየለህ ሥረኛ ነው፤ ስምንት እግሮቹን እንደ ዛፍ ሥር ወደ መሬት እየሰደደ ራሱን የሚተክል የብረት መሣሪያ። ክብደቱን በሰፊው ዘርግቶ ስለሚሄድ ሰው የማይረግጠውን ቅርፊት ይረግጣል። መዘውሩን ደረቱ ላይ አስሮ፣ ገመዱን አሳልፎ፣ ጫፉን ከቦቴው ጀርባ ላይ ቆልፎ ተመለሰና በመታጠፊያው ቦታ እግሮቹን አንድ በአንድ አሰመጠ። ቢበጠስ እንዳይወነጨፍ ደግሞ በገመዱ ላይ የራሰ ብርድ ልብስ ጣል አደረገበት። ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። ሞሚና ቁልፉን ተጫነች። ዘቡ እምቢ አለ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ጋሽ ድንበሩ ወደ ላቀው ዞረው። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጉልበታቸው በታች ያለውን ሰው ሠራሽ እግር አሳዩት። «ይህን የወሰደው ዘብ የሌለው ዊንች ነው። ገመድ ሲበጠስ አይታይም፤ ድምፁን የምትሰማው እግርህ ከሄደ በኋላ ነው።»

«እዚያ ቆሞ እግሩ የሚሄድ ሰው የለም እኮ ነው የምልዎት!»

«ቢኖርም ባይኖርም ዘቡን ማጥፋት አይሆንም» አለች ሞሚና። «ገመዱን በየቅጽበቱ የሚዳብሰው እሱ ነው። ሊበጠስ ሲል ያላላዋል። እሱን ካጠፋሁት ከበሮው ዕውር ነው፤ ገመዱ ቢበጠስ ቦቴው ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛ አናወጣትም። ገባህ?»

ላቀው ገብቶታል። ስለገባውም ነው ወደ መንገዱ ጠርዝ ሄዶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ የጫነው።

ሞሚና ወደ ከበሮው ጎንበስ አለች። በዚህ ሥራ ስትቆይ ከዘቡ ጋር መጣላት ዋጋ እንደሌለው ተምራለች፤ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

«ስንት ሰው ነው የምታየው?»

«አንድ።»

«የት ነው ያለው?»

«በገመዱ መታጠፊያ ላይ።»

ሞሚና ቀና አለች። በመታጠፊያው ላይ ነጭ ሜዳ፣ የተዘረጋ ገመድና አቻምየለህ ብቻ አሉ።

«ስሙ ይታወቃል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቻምየለህ።»

ላቀው መጀመሪያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ ነበር። «ይሄ ነገር አብዷል! ብረቱን ነው ሰው የሚለው!»

ጋሽ ድንበሩ ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ሥርዓቱን ያመጡት እሳቸው ነበሩ። ገመድ ከመወጠሩ በፊት ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ከክልሉ ውጭ መሆኑን አይቶ «ወጥቻለሁ» ይላል። አቻምየለህ በመጣ ሰሞን፣ በጥሪው መጨረሻ ላይ፣ ለሳቅ ብለው «አቻምየለህስ?» አሉ። መሣሪያው የፊት እግሩን ወደ ላይ አነሳ። ተሳቀ። በማግስቱም ተጠራ። ከዚያ ወዲያ እሱን ሳይጠሩ ሥራ መጀመር ገደ ቢስነት መስሎ ታያቸው። ምሳ ሲቀርብም «ና ብላ እንጂ» ይሉታል፤ አጠገባቸው መጥቶ እግሮቹን አጥፎ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ገመዱን ቆልፎ ከክልሉ ስለሚወጣ ዘቡ እሱን ምን ብሎ እንደሚቆጥረው ማንም ለማወቅ ምክንያት አልነበረውም።

«እሱ ሰው አይደለም» አለች ሞሚና ለዘቡ። «መሣሪያ ነው። እንዳንተው።»

«እኔ ስሜ አይጠራም» አለ ዘቡ። «የእሱ ይጠራል፤ ሲጠራም ይመልሳል። ስሙ ተጠርቶ የሚመልስ ሰው ነው። ይህን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«ሞሚና» አለች ትብለጥ በሬዲዮው። «ወገቤ ደርሷል። ያቃጥላል። ምንድነው የያዛችሁ?»



«አቻሜ ነቅሎ ይውጣና ሌላ ነገር እንትከል» አለች ሞሚና ወደ አለቃዋ ዞራ።

«ምን እንተክላለን? ጎማውን አየሽው አይደል።» ጋሽ ድንበሩ ወደ ከበሮው ተጠጉ። «ዘብ፣ እኔ ነኝ የማዘው። ከሰው ቆጠራ አውጣው።»

«ከቆጠራ የሚወጣው ስሙን የሚጠሩት ሁሉ ሰው አይደለም ካሉ ብቻ ነው። በዚህ ቡድን ሁለት ናችሁ። በየድምፃችሁ ንገሩኝ።»

ጋሽ ድንበሩ ወደ ከበሮው አጎነበሱ። «ሰው አይደለም» አሉ።

«ተመዝግቧል። ሁለተኛውን ድምፅ እጠብቃለሁ።»

ሞሚና አፏን ከፈተች። ቃሉ ቀላል ነበር፤ እውነትም ነበር። አንድ ሺህ ጊዜ ብትጠየቅ አንድ ሺህ ጊዜ የምትመልሰው ነው። ነገር ግን ሬዲዮው ክፍት ነው፤ አቻምየለህም በዚያው ሬዲዮ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ከሩቅ ስታየው ፊቱን፣ ፊት ከተባለ፣ ወደ መኪናዋ መልሷል።

«በያ!» አለ ላቀው። «ብረት ነው በይው! ምን ያደርግሻል? ብረት ነው!»

በዚህ ጊዜ አቻምየለህ ከተተከሉት እግሮቹ አንዱን፣ የፊተኛውን፣ ከጨው ውስጥ ነቀለና ወደ ላይ አነሳው። ማንም ስሙን አልጠራም። እሱ ግን ሁልጊዜ እንደሚመልሰው መለሰ። ወጥቻለሁ።

ሞሚና ወደ ከበሮው ዞረች። «አየህ?» አለች ለዘቡ በችኮላ። «ወጥቻለሁ ብሏል! ራሱ ነግሮሃል፣ ጎትት!»



«አልወጣም። ያለበትን እያየሁት ነው። መሣሪያ ያለበትን ቦታ ሲጠየቅ ያለበትን ይናገራል። ይህ ሳይጠየቅ የሌለበትን ተናገረ። እሷን ለማውጣት ብሎ ዋሸ።» ከዚያ ደግሞ፣ «በገመዱ ክልል ውስጥ ሰው አለ። አልጎትትም» አለ።

ጋሽ ድንበሩ መሬት ላይ ተቀመጡ። 

«ሞሚና» አለች ትብለጥ። አሁን የምትናገረው አገጯን ወደ ላይ አንጋጣ እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። «ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አቻሜ ስንት ጊዜ ጎማዬን እንደፈታልኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ደረቴን አልፏል፣ እህቴ። ልሞት ነው። በይው።»

ሞሚና ወደ ከበሮው ሳይሆን ወደ ሜዳው እያየች ተናገረች።

«ሰው አይደለም። ብረት ነው።»

«ተመዝግቧል» አለ ዘቡ። «ክልሉ ነፃ ነው።»

ከበሮው መዞር ጀመረ።

አቻምየለህ ያነሳውን እግር መልሶ ተከለ። ገመዱ ከመንገዱ እስከ እሱ፣ ከእሱ እስከ ቦቴው እንደ ክራር አውታር ተወጠረ፤ የራሰው ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዘቡ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ያደርገዋል። ቦቴው አልተንቀሳቀሰም። ከመታጠፊያው በኩል አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ አንድ እግር ከመጋጠሚያው ተገነጠለ። አቻምየለህ ወደ ጎን ዘመም ብሎ በቀሩት ያዘ። ሁለተኛው ሄደ። ሞሚና ዓይኗን ለመጨፈን ፈለገች፤ ጉተታ ላይ ያለ ሰው ግን ዓይኑን አይጨፍንም።

ሦስተኛው እግር ሲገነጠል ቦቴው ጮኸ። ጀርባው ተነሳ፤ ቅርፊቱን እየፈረካከሰ በጎኑ ተንሸራተተ፤ ከሆዱ ቢጫ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ጠንካራው ወለል ላይ ወጣና ቆመ።

«ሂዱ!» አለ ዘቡ። «ገመዱ ላልቷል።»

ላቀው መጀመሪያ ደረሰ። በሩን ገንጥለው ሲከፍቱት ውሃው አብሯት ወጣ። ትብለጥ እስከ ደረቷ ድረስ ቆዳዋ ተልጦ ቀልቷል፤ ግን ትተነፍሳለች። ላቀው እንደ ሕፃን አቅፏት ስሟን እየደጋገመ ያለቅሳል። «አንገትጌህን የት ጣልከው፣ አንተ ከንቱ» አለችው፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች። ጋሽ ድንበሩ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ሞሚና የቃጠሎ መድኃኒቱን አምጥታ ቀባቻት።

መመለስ ነበረባቸው፤ ትብለጥ ሐኪም ያስፈልጋታል። ገመዱን ከቦቴው ፈትተው፣ እሷን ተሸክመው አምጥተው የጎታች መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ አስተኟት። ገመዱን ለመሰብሰብ ከበሮው እንደገና መዞር ስላለበት ጋሽ ድንበሩ ከልማዳቸው ሳይወጡ ስም ጠሩ።

«ሞሚና።»

«ወጥቻለሁ።»

«ላቀው።»

«እ? አዎ... ወጥቻለሁ።»

«ትብለጥ።»

«ወጥቻለሁ» አለች ትብለጥ ከወንበሩ ላይ፤ ሳቅም ለቅሶም ባለው ድምፅ።

ጋሽ ድንበሩ አፋቸው እንደተከፈተ ትንሽ ቆዩ። ሁሌም በመጨረሻ የሚጠሩት አንድ ስም ነበራቸው። ዘቡ የሚጠብቅ መሰላቸው፤ ግን አቻምየለህን «ሰው አይደለም» ብለውታል። አፋቸውን ዘጉና መኪናው ውስጥ ገቡ።

«ሁሉም ወጥተዋል» አለ ዘቡ፤ ከበሮውም ዞረ።

ሞሚና ጓንቷን አጥብቃ፣ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ፣ እየተጠቀለለ የሚገባውን ገመድ ትጠብቃለች። የራሰው ብርድ ልብስ ከገመዱ ጋር እየተጎተተ መጣ። አነሳችው፣ ጨመቀችው፣ አጠፈችው። ቀጥሎ መዘውሩ መጣ። ማሰሪያው ከአቻምየለህ ደረት ላይ በጥንቃቄ ተፈትቶ ነበር። እሱንም ከሣጥኑ ከተተችና ክዳኑን ገጠመች። ላቀው «ቶሎ በይ፣ እባክሽ» አላት። ሮጣ ገብታ መሪውን ያዘች።

በመታጠፊያው ቦታ ሦስት እግሮች ቆመው ቀርተዋል። የቀሩት አምስት የአቻምየለህ እግሮች ከጨው ተነቅለው፣ ከመንገዱ በተቃራኒ፣ ሰው ወደማይረግጠው ቅርፊት ቀስ ብለው እየተራመዱ ነበር። መኪናዋ አቧራ አስነስታ ሄደች።

ዘቡ ከከበሮው ውስጥ ሆኖ አየው። የሚቆጥረው ግን ሰውን ብቻ ነበረና ዝም አለ።