ሲና ዝም ያለች ዕለት

ሲና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ልጆች፣ ሲና እንደ እናንተው ናት፤ መዝሙር ትወዳለች፣ ጥያቄም ታበዛለች።

አንድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ መምህር ኪዳነ ወልድ፣ «ጌታችን የእግዚአብሔር መንግሥት በመካከላችሁ ናት ብሏል። በልባችሁ ሊነግሥ ይወዳል» ብለው አስተማሩ። ሲና ግራ ገባት። መንግሥት ትልቅ ነገር ነው። እንዴት ሆኖ በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ይገባል? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ድው ድው ከሚለው በቀር ምንም አልሰማችም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በኋላ ከጎረቤቷ ከሀኒያ ጋር ወደ ጣና ዳር ወረደች። ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ ሀኒያን እናቷ ጠሯትና ሮጣ ሄደች። ቀይ ሻሿን ግን እዚያው ረሳችው።

ሲና ብቻዋን ቀረች። የዓሣ አጥማጁ የአያ ይትባረክ የደንገል ታንኳ ከችካል ጋር ታስሮ ቆሟል። አያ ይትባረክ «ልጆች፣ ታንኳዬን አትንኩ» ማለት አይታክታቸውም። ሲና ግን «ትንሽ ብቻ ልቅዘፍ» ብላ ገመዱን ፈታች። ያን ጊዜ ነፋስ ተነሣ። ታንኳው ከእጇ አመለጠና ወደ ጥልቁ ሄደ። ሲና ደንግጣ ወደ ቤቷ ሮጠች። ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ አያ ይትባረክ ወደ ሰፈሩ መጡ። ታንኳቸው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተበታትኗል። በእጃቸው ቀይ ሻሽ ይዘዋል።

«ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ሀኒያ። «ታንኳውን ግን አልነካሁም!»

«ታዲያ ሻሽሽ ከችካሉ ሥር ምን ይሠራል?»

የሀኒያ እናት እትዬ መሪየም በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ። «ከዛሬ ጀምሮ ለጨዋታ አትወጪም!» አሏት ልጃቸውን። ሀኒያ ከጎኗ የቆመችውን ሲናን አየቻት። ሲና የገዛ እግሯን አየች።

«እኔ እኮ አልዋሸሁም» አለች ለራሷ። «ዝም ነው ያልሁ።» ታዲያ እህሉ ለምን አልወርድ አላት? የሀኒያን በር ለምን ዞራ ታልፋለች? ምኑም አልገባት አለ። እናንተስ ልጆች፣ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ?

እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ወደ መምህሯ ተጠጋች።

«መምህር፣ ሰው ሲያጠፋ ንጉሡ ከልቡ ወጥቶ ይሄዳል?»

«ምን አጥፍተሽ ነው ልጄ?»

ሲና አለቀሰች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

መምህር ኪዳነ ወልድ ጎንበስ ብለው፣ «ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀን ዕረፍት የነሣሽ ማን ነው? እውነቱን ተናገሪ የሚልሽ እሱ ነው። መንግሥቱ ማለት እሱ ሲያዝ እሺ ማለት ነው» አሏት።

ሲና በቀጥታ ወደ አያ ይትባረክ ቤት ሄደች። ፈራ ተባ እያለች በሩን አንኳኳች።

«አያ፣ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሀኒያ የለችበትም።»

አያ ይትባረክ፣ «በንጹሕ ልጅ ላይ አስፈረድሽኝ!» ብለው ተቆጡ። እጇን ይዘው ወደ እትዬ መሪየም ቤት ወሰዷት። እሳቸው ራሳቸው ሀኒያን «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። ሲናም ይቅርታ ጠየቀች። ሀኒያ ግን፣ «እያየሁሽ ዝም አልሽ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ሲና እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ደረቷን ሲጫናት የነበረው ነገር የለም። ሀኒያ ተቀይማታለች፤ አያ ይትባረክም ተቆጥተዋታል። ታዲያ ለምን ቀለላት? አሁንም ግራ ገባት።

በማግስቱ አያ ይትባረክ አዲስ ታንኳ መሥራት ጀመሩ። ሲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደንገሉን እያቀበለች ታግዛቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሀኒያ መጣች። ምንም ሳትናገር ከወዲያኛው በኩል ተቀመጠችና የማሰሪያውን ጫፍ ያዘች።

«ጠበቅ አድርገሽ ሳቢ» አለቻት።

ሲና ሳበች።

ልጆች፣ የእግዚአብሔር መንግሥት በልባችን የምትኖረው፣ ንጉሣችን ክርስቶስ «እውነቱን ተናገሩ፣ የበደላችሁትንም ካሱ» ሲለን እየፈራንም ቢሆን ስንታዘዘው ነው።