የላሉት ጥርሶች

ጠዋት ተኮራርፈው ስለነበር፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝበት ልትቆጣው ነው የሄደችው። ባሏን ከጓሮው የሥራ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ አገኘችው። የእንጨት መቁረጫ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። መዶሻው አጠገቡ ወድቋል፤ ቀኝ እጁ የብረት መፍቻ እንደጨበጠ ነው። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የታላቅ ወንድሟን ደረት ብቻ ነው። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት ጋሼ እቅፍ አድርጎ ይዟታል። እሱ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር!

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ይሉኝታ የማታውቅ ሴት ናት። ከሬሳው ይልቅ ማሽኑ የቆረጠው እንጨት ላይ ብዙ ቆየች። ማሽኑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ነው። ሟቹና ጎረቤታቸው ኤሌክትሪሻኑ በሽርክና ገዝተው በዕረፍት ቀናቸው ሳጥን ይሠሩበታል። የሳንቃዎቹን ጫፍ እንደ ጥርስ ይቆርጠዋል፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲነካከሱ ሳጥኑ ያለ ሚስማር ይቆማል።

«ማሽኑ ሲነሳ የት የት ነበራችሁ?»

«እኔ ኩሽና» አለች ሚስት።

«እኔ በር ላይ ስልክ እያወራሁ» አለ ኤሌክትሪሻኑ።

«እኔ ሳሎን» አለ ጋሼ። «ማሽኑ እየጮኸ ሳለ ወደ ጓሮ ብቅ ብዬ ‹ሻይ ደርሷል› ስለው ‹መጣሁ› አለኝ። ከዚያ ሦስታችንም አብረን ተቀመጥን። የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ሌባ ነው የሚሆነው።»

መርማሪዋ ሚስትን ለብቻዋ ወደ ኩሽና ወሰደቻት።

«ማሽኑን ማስነሳት ማን ያውቃል?»

«ሁለቱ ናቸዋ። እኔንማ መች ያስጠጉኛል!»

«ወንድምዎስ?»

«ጋሼ? ባለፈው ባለቤቴ አረንጓዴዋን ቁልፍ ሲያስጫነው ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ እኮ! በሳቅ ሞትን። ከዚያች ቁልፍ ሌላ ምን ያውቃል ብለው ነው?»

ወንድሟን ከጥርጣሬ ያወጣችው መስሏት ቀለል አላት።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ማሽኑ የቆረጣቸውን ሁለት ሳንቃዎች አገጣጠመች። ስትለቃቸው ተለያይተው ወደቁ።

«ምን ነካቸው?»

ኤሌክትሪሻኑ አንስቶ አያቸው። «በወፍራሙ ፑንታ፣ ማሽኑ ላይ በሚታሰረው መቁረጫ ነው የተቆረጡት። ሥራው የታዘዘው ለቀጭኑ ነበር። በወፍራሙ ሲሆን ክፍተቱ ይሰፋል፣ ጥርሱ ይከሳል። ሳንቃውን በወፍራሙ ደልድሎ፣ ከዚያ ቀጭኑን ያስገባል እንጂ እሱ እንዲህ አይሳሳትም።»

«ሊያስገባ ነበር። ቀጭኑ ፑንታ ከሬሳው ሥር ተገኝቷል፤ መፍቻውም ከእጁ አልወጣም። የሚሽከረከር ፑንታ ደግሞ አይፈታም። ስለዚህ ሲመታ ማሽኑ ቆሞ ነበር፤ ያስነሳው ገዳዩ ነው። ድምፁን ሰምተን ሟቹ በሕይወት እንዳለ እንድናስብ ፈልጓል። ሌባ ቢሆን ይሮጣል እንጂ ሳጥን አይሠራም። እርስዎ» አለች ለኤሌክትሪሻኑ፣ «ፑንታውን ሳያዩ አያስነሱም፤ ሚስቱ ደግሞ ማስነሳቱንም አያውቁም።» ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎ የሚያውቁት አረንጓዴዋን ቁልፍ ብቻ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ‹መጣሁ› ያለዎት ማነው?»

እህት ወንድሟ ቱግ እስኪል ጠበቀች። ተቆጣ እንጂ ጋሼ፣ አንድ ነገር በል እንጂ! እያለች በልቧ ለመነችው። እሱ ግን ወደ እሷ ነው ያየው።

«ገፈተረኝ አላልሽኝም? ልገሥጸው ነበር የገባሁት። ‹በቤቴ አያገባህም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መዶሻው እጄ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም።»

ጠዋት በስልክ ነበር የነገረችው። ባሏ በበሩ ሲያልፍ በትከሻው ነካት እንጂ አልገፈተራትም። ከኩርፊያዋ የተነሳ ነው ያጋነነችው።

«አልገፈተረኝም እኮ ጋሼ! ተናድጄ ነው!» ብላ ጮኸች።

ወንድሟ እጆቹን ለመርማሪዋ ዘረጋ። ብትጮህ ባሏን አትመልሰው፣ ወንድሟን አታስቀረው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እሱን በጓሮ በር ሲያስወጡት፣ ጩኸቷን የሰሙ የሠፈር ሴቶች በፊት ለፊት በር ገቡ። አንዷ አጠገቧ ተንበርክካ አንገቷን አቀፈቻት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «ወንድምሽ አለልሽ።»