አርባ ብልቃጥ በጠጥ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ምላሴ ይቆረጥ። በሠላሳ ዓመት የምርመራ ሥራዬ ጨምሬ አውርቼ አላውቅም፤ እንዲያውም ሰው እንዲያምነኝ ቀንሼ ነው የማወራው። ለዚህኛው ደግሞ ምስክር አለኝ፤ የሟች እኅት እትዬ። ጽፌ እንደጨረስኩ አነብላቸዋለሁ።

የሞተው የጥንቸል እርባታው አራጅ ነው። ጠዋት ስጠራ አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣም። ሐኪሙ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆዱ አልፎ ደሙ ውስጥ እንደገባ ነገረኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እርባታው ሄድኩ። መቶ ሺህ ጥንቸል ነበረበት፤ ቢያንስ ቢያንስ አራት ሺህ።

ባለቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና ሳልጠይቀው ጣቱን ወደ ወጥ ቤቱ ቀሰረ። የሠራተኛውን ምሳ የምታበስለው የሟች እኅት ናት፤ የጥንቸል ሥጋ በቅጡ ሳታበስል አብልታ ገደለችው አለ።

«ጥንቸሎቹስ?» አልኩት።

ቢሮው አስገብቶ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀሉ ወረቀቶች አሳየኝ። በየወሩ ከአርባ የሽቦ ኬጅ የጥንቸሎቹ በጠጥ ተለቅሞ በብልቃጥ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ስምንት ወር ሙሉ «ባክቴሪያ አልተገኘም» ይላል።

«ከእነሱ በላይ ንጹሕ እርስዎም አይደሉም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ጣራ ይነሣል፤ ያን ቀን የቆርቆሮው ሚስማር ሲላቀቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እትዬን ያገኘኋቸው የቀዘቀዘ ድስት ፊት ቆመው ነው። ወንድማቸውን እናታቸው ስትሞት ከጡት አንሥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን የባለቤቱ ቃል ከጸና እስር ቤት መግባታቸው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ወንድም ገዳይ ተብለው መኖራቸው ነው።

«ወንድምዎ ምን በላ?» አልኳቸው፤ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህን ነው።

«ዳቦ» አሉ። «ሲያርድ የሚውል ሰው፣ የጥንቸል ሥጋ በአፉ ዞሮ አያውቅም።»

ከድስታቸው የበሉትን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ሰው፤ አሥራ አራቱም እንደ በሬ ጤነኛ። ከሟች ሌላ የታመመው ቆዳ ገፋፊው ብቻ ነው፤ እሱም ማረጃ ክፍሉ ውስጥ የሚውል። ገብቼ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ብከፍተው ጠብ አላለም፤ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ጓንት የሚባል ነገር የለም። ያ ምስኪን በደም እጁ ዳቦውን ቆርሶ ይጎርስ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ባክቴሪያው ከጥሬው ሥጋ መጣ። ታዲያ ወረቀቱ ለምን ንጹሕ ነው ይላል?

ቢሮ ተመለስኩ። የዚያ ወር ብልቃጦች ገና አልተላኩም፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከባለቤቱ ጭማቂ ጎን ተደርድረዋል። አርባውንም ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍኳቸው። የንሥር ዓይን እንዳለኝ አገር ያውቃል።

ሁሉንም ማረጃ ክፍል ሰበሰብኩ፤ ባለቤቱን፣ በየወሩ ከላቦራቶሪ የሚመጣውን ናሙና ሰብሳቢ፣ ቆዳ ገፋፊውን፣ እትዬን።

«በአርባው ኬጅ ውስጥ እናቶች አሉ፣ አውራዎች አሉ፣ የወር ልጆች አሉ» አልኩ። «የወር ልጅ በጠጥ ቁንዶ በርበሬ ያህላል። እዚህ ግን አርባውም ሽምብራ ያህላል። እርባታው የሚመግበው ጥቁር የፋብሪካ መኖ ነው፤ ይህ በጠጥ የደረቅ ሣር ቀለም አለው። ደረቅ ሣር የምትበላ ጥንቸል ያየሁት አንድ ቦታ ነው። ቢሮህ ውስጥ፣ ጠረጴዛህ ሥር ያለችው ነጯ ጥንቸል» አልኩት ባለቤቱን።

ናሙና ሰብሳቢው የመኪናውን ቁልፍ እያሻሸ መሬት መሬት አየ። ባለቤቱ ብልቃጦቹን ሞልቶ ያቆይለታል፤ እሱ ቁጥር ለጥፎ ይሄዳል። ሽታው ስለሚያመው ኬጆቹ ጋ ደርሶ አያውቅም።

ሁሉንም ይዤ ቢሮ ገባሁና የባለቤቱን መሳቢያ ሳብኩ። ከዘጠኝ ወር በፊት የመጣ ወረቀት ወጣ፤ ሳልሞኔላ ተገኝቷል፣ ዕርድ ይቁም የሚል። ነጯ ቢሮ የገባችው በዚያው ሳምንት ነው።

«አንዲት ጥንቸል ናት» አለ ባለቤቱ፤ «ምን ክፋት አላት?»

«ክፋቷ ንጹሕ መሆኗ ነው» አልኩት። «ስምንት ወር ሙሉ እያወቅህ በባዶ እጁ አሳረድከው። ሲሞትብህ ደግሞ እኅቱን ሰጠኸኝ።»

በቡጢ የመታሁት ጠረጴዛ ለሁለት ተሰነጠቀ። አብረውኝ የነበሩት ፖሊሶች አለቀሱ። እትዬን በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጻ አወጣኋቸው፤ በዚያው ዕለትም ወንድማቸውን በክብር ቀበሩ። የሬሳ ሣጥኑን ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ትናንት ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ድንች እየላጡ ነበር፤ ቢላዋቸውን አላቆሙም።

«ስለ ዳቦው በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር» አሉ። «ያኔ መዝገብዎ ላይ አልጻፉትም። ስለ ነጯም የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ቢሮውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ከጠረጴዛው ሥር ብቻ እንዳልጠርግ ተከልክዬ ነበር። እሱን የሰሙኝ በአምስተኛው ቀን ነው።»

የላጡትን ውኃ ውስጥ ጨመሩና ሌላ አነሡ።

«ቀብሩ በሁለተኛው ቀን ነበር። እኔ እርስዎ የቆለፉብኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሣጥኑን ማን እንደያዘው አላየሁም።»